«አምና ሌላ ነበር ያልከኝ»፦ ባለሙያ የለመደውን ምክር እንዲተው ስንረዳ ያየሁት

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ቡድን አስተባባሪ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በየቀበሌው ያሉትን የልማት ሠራተኞች መደገፍ የእኔ ድርሻ ነበር። አዲስ ነገር ማስተማር ብዙም አያስቸግርም። ባለሙያው ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ የማጠቃለያ ፈተናውንም ያልፋል። ቀበሌው ሲመለስ ግን የሚሠራው የለመደውን ነው። የለመደውን እንዲተው መርዳት ሌላ ሥራ ነው። ያየሁትን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ ኃላፊዎችና አስተባባሪዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። የእኔ ምሳሌ ከአፈር ነው፤ እናንተ ጤና ጣቢያም ሁኑ ባንክ ቤት፣ የሰው ነገር ያው ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩን ልንገራችሁ። በእኛ አካባቢ ቀዩ አፈር ኮምጥጧል፤ አሲድ በዝቶበታል ማለት ነው። ጎዛምን ብትሉ፣ ማቻከል ብትሉ፣ ወደ አዊም ተሻግራችሁ ባንጃ ብትሉ ያው ነው። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስደዋል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይሄዳል፤ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። በየዓመቱ የሚጨመረው ዩሪያም አሲዱን ያባብሰዋል። የአፈሩ ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚያሳይ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቆረቁዘዋል። ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው በስንት መከራ የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ አለ፤ ሰብሉ ግን አያገኘውም። ከሀገሪቱ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ አሲዳማ አፈር ነው።

ገበሬው ችግሩን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። «መሬቱ ደከመ» ይላል። «ማዳበሪያ ለመደ» ይላል። ገብሱን ትቶ እንግዶ (አጃ) ይዘራበታል፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ያን ጊዜ የእኛ ባለሙያ ምክር ምን ነበር? «ማዳበሪያ ጨምር።» ለዓመታት የተማርነው ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ደጋ ሆነ ቆላ፣ ቀይ ሆነ ጥቁር፣ ቁጥሩ አንድ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ የሚባል ማዳበሪያ መጣ። ዳፕ 18 ከመቶ ናይትሮጂንና 46 ከመቶ ፎስፌት ነበረው፤ ኤንፒኤስ 19 ከመቶ ናይትሮጂን፣ 38 ከመቶ ፎስፌትና 7 ከመቶ ሰልፈር አለው። ከረጢቱ ተለወጠ፣ ምክሩ እዚያው ቀረ።

የኮመጠጠ አፈር መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ሲልም፣ መሬቱ ላይ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ሲደባለቅ አሲዱን ያበርደዋል። ይህን በአዳራሽ አስተምረናል። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ሰኔ ሲመጣ ግን በየቀበሌው የሚሰማው ያው «ማዳበሪያ ጨምር» ነበር።

ምክንያቱ የገባኝ አንድ አንጋፋ የልማት ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ስንጨዋወት ነው። «ጋሼ፣ ለምን ኖራውን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቀበሌ የተከበርኩት በዳፕ ነው። ገበሬው መሬቴን ያቃጥለዋል ብሎ ሲሸሽ ቤት ለቤት ዞሬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ያኔ የሰሙኝ ሰዎች ልጆቻቸውን አስተምረውበታል። ዛሬ ደግሞ ሄጄ ምን ልበላቸው?»

እኚህ ሰው ስለ ኖራ ከእኔ ባልተናነሰ ያውቃሉ። የድሮው ምክር የሙያ ስማቸው ነው። እሱን ተዉ ማለት ስምዎን ተዉ ማለት ሆኖባቸዋል። ከዚያ በኋላ ሥልጠናውን «ይህ ስህተት ነው» ብለን መጀመር አቆምን።

በምትኩ ምን አደረግን? አስር የማይሞሉ ባለሙያዎችን ሰብስበን፣ ቡና አስፈልተን፣ እያንዳንዱ በሥራ ዘመኑ የሚኮራበትን አንድ ምክር እንዲናገር ጠየቅን። ደስ የሚል ወሬ ነበር። አንዱ በቆሎ በመስመር ያስዘራበትን፣ ሌላዋ የጓሮ አትክልት ያስጀመረችበትን ተናገሩ። ዳፕ ያስፋፉትም ተናገሩ። ቀጥሎ ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ያን ምክር ስትሰጡ መሬቱ ምን ዓይነት ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?» መልሱን ራሳቸው አወጡት። ያኔ ሳይታረስ ያድር የነበረው መሬት ዛሬ በየዓመቱ ይታረሳል። ያኔ ከብቱ ብዙ ስለነበር እበቱ ለመሬቱም ይተርፍ ነበር። ስለዚህ የድሮው ምክር ለድሮው መሬት ልክ ነበር። ይህንን ሰው ፊት መናገር መቻላቸው ብዙ ነገር አቀለለ። አዋቂነታቸው አልተነካም፤ የተለወጠው መሬቱ ነው።

ስለ ወጣቶቹ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ብዙ ኃላፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቆየ ልማድ የሽማግሌ ችግር ነው ብለን እናስባለን። በእኔ እይታ ከኮሌጅ በቅርብ የወጣው ልጅ አንዳንዴ የበለጠ ያስቸግራል። አንጋፋው ቢያንስ ድሮ ያየውን አሁን ከሚያየው ጋር ያስተያያል፤ ወጣቱ ያለው የኮሌጅ ማስታወሻው ብቻ ነው። ጤፍ በመስመር፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተብሎ ተምሯል። ገበሬዋ ብቻዋን ናት፣ ሠራተኛ የላትም፣ ዝናቡ እየሄደባት ነው፤ እሱ ግን «በመስመር ካልሆነ አልመዘግብሽም» ይላታል። እንዲህ ያለው ወጣት ማስታወሻውን ከተነጠቀ የሚቆምበት መሬት የለውም። ስለዚህ ከመንጠቅ ይልቅ የሚያየው ነገር ልንሰጠው ይገባል።

ወደ ዋናው ልግባ። በጣም የሠራልን የማሳያው ሥራ ነው። ሰርቶ ማሳያ ድሮም ነበር፤ እኛ አሠራሩን ለወጥነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰርቶ ማሳያ የሚሠራው ገበሬውን ለማሳመን ነው። ባለሙያው ውጤቱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይቆጠራል፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ምንም አይማርበትም። እኛ ማሳያውን ለባለሙያው አደረግነው።

እያንዳንዱ በራሱ ቀበሌ፣ በገበሬ ማሰልጠኛው ግቢ ወይም ፈቃደኛ በሆነ ገበሬ ማሳ ላይ፣ «እዚህ ምንም አይበቅልም» ከሚባለው ቦታ አራት መደብ ይለካል። አንዱ ምንም አያገኝም። አንዱ ማዳበሪያ ብቻ፣ አንዱ ኖራ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም ያገኛል። የሚዘራው ገብስ ነው፤ ገብስ አሲድ አይችልም፣ ልዩነቱን ቶሎ ያሳያል። ጤፍና ድንች በመጠኑ ስለሚችሉት ለዚህ ሥራ አይመቹም። ዘሩ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ አረሙ የሚነቀለውም እኩል።

ከመዝራታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አስደረግናቸው። አራቱን መደቦች ከሚበልጠው እስከሚያንሰው በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው፣ በፖስታ አሽገው እንዲያስቀምጡ። ለማንም አይታይም። ለእኔም ጭምር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያለ እሱ ግን ሥራው ከንቱ ይሆን ነበር። ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እንዲህ ነበር ያሰብኩት» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ልቡ እንደዚያ ያስታውሰዋል። በእጁ የጻፈው ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ግን ያሰበውን ካየው ጋር ያስተያያል።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት አንዱ ቀበሌ ነበርኩ። በበዓል ቀን በእኛ ሀገር ገበሬው እርፍ አይጨብጥም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በማሰልጠኛው በኩል ያልፋል። የልማት ሠራተኛው ከእያንዳንዱ መደብ ጥቂት ገብስ ከነሥሩ በአካፋ አወጣ። በጉልበት አልሳበም፣ ቢስብ ሥሩ ይበጠሳል። በሳፋ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጎ አጠበውና ጆንያ ላይ ደረደረው። ኖራ ያላገኘው ሥር አጭርና ወፍራም ነበር፤ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቆሟል፣ ቀጫጭን ፀጉር የለውም። ኖራና ማዳበሪያ ያገኘው ረዝሞ ተበትኗል። ቦታው በጣም የኮመጠጠ ስለነበር ኖራ ብቻ ያገኘው ገብስ ማዳበሪያ ብቻ ካገኘው ይሻል ነበር። ልጁ ፖስታውን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። ማዳበሪያ ብቻ ያገኘውን ሁለተኛ፣ ኖራ ብቻ ያገኘውን ሦስተኛ አድርጎ ጽፎ ነበር። ወረቀቱን ለቆመው ሰው ሁሉ አነበበው። «እኔም እንዲህ መስሎኝ ነበር» አላቸው። አንድ አዛውንት «እኛማ መቼ ሥሩን አየን፣ ላዩን እንጂ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ «ማዳበሪያ ጨምር» የሚለውን ምክር ሳይመረምር ሲሰጥ ሰምቼው አላውቅም።

በሁሉም ቦታ እንዲህ አልሆነም። አፈሩ ብዙም ባልኮመጠጠበት ቀበሌ በመደቦቹ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አንዳንድ ኃላፊዎች ይህን እንደ ውድቀት ቆጠሩት። እኔ ግን በጣም ጠቀመን እላለሁ። ባለሙያዎቹ «ማዳበሪያ ለሁሉም» የሚለውን ትተው «ኖራ ለሁሉም» የሚል አዲስ መፈክር እንዳይዙ ያደረጋቸው እሱ ነው። መርምሮ መናገር የሚለው ልማድ የገባው ሁለቱን ዓይነት ውጤት ጎን ለጎን ሲያዩ ነው። አዴት ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል የመጣ ተመራማሪም ሲያስረዳን፣ ኖራ ማዳበሪያን እንደማይተካና ከልክ ካለፈም ዚንክን የመሳሰሉትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ሰብሉ እንዳያገኛቸው እንደሚያደርግ ነገረን። «ሲበዛ ጥሩ ነው» የሚለው ልማድ ከማዳበሪያው ወደ ኖራው እንዳይሻገር ይህን ደጋግመን ተነጋግረንበታል።

ቀጥሎ ያለው ችግር ያቺ የማትቀር ጥያቄ ናት። አንዲት የቤት እማወራ የሆኑ እናት የልማት ሠራተኛዋን «ልጄ፣ አምና ማዳበሪያ ጨምሪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አሏት። ባለሙያ ከአዲሱ ምክር የሚሸሸው ይህችን ጥያቄ ፈርቶ ነው። መልሱን ብቻውን እንዲፈልግ መተው ጭካኔ ይመስለኛል። እኛ ቁጭ ብለን አብረን ተለማመድነው፤ አንዱ ገበሬ ይሆናል፣ አንዱ ባለሙያ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የሚያስኬድ ያገኘነው አነጋገር እንዲህ ያለ ነው፦ «አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ ያልኩዎት። አምና አፈርዎን ሳንመረምር ነበር። ዘንድሮ ናሙና ወስደን አየነው፤ ኮምጥጧል። ይህ እስካልተስተካከለ ማዳበሪያው ገንዘብዎን ይበላል።» ሰበብ የለበትም፣ ረጅም ማብራሪያ የለበትም። ገበሬው ለእውነት ቅርብ ነው፤ ቀጥ ብለህ ስትነግረው ይቀበልሃል። በሰበብ የተጀመረ ንግግር ግን ሰውየውን ያስኮርፈዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ሪፖርት። ይህን ክፍል ኃላፊዎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ የሚሞላው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ?» የሚል ነበር። በስልክም የሚጠየቀው እሱ ነው። በስብሰባ የሚመሰገነውም፣ የሚወቀሰውም በእሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የሥሩን ልዩነት በዓይኑ ቢያይ፣ ቢያምን፣ ቢማል፣ ሰኞ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ የሚያወራው ስለ ኩንታል ነው። ልማዱ ከሰውየው ጭንቅላት ይልቅ በቅጹ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ቅጹን መሰረዝ በእኛ ሥልጣን አልነበረም፤ ከላይ የመጣ ነው። በእጃችን ያለውን ግን አደረግን። በወረዳ ደረጃ የሰኞ ጥያቄያችንን ለወጥን። «ስንት ማሳ ናሙና ተወሰደ? ሰብሉ ከመዘራቱ ከአንድ ወር በፊት ኖራው የገባው በስንቱ ላይ ነው?» ማዳበሪያው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ሳምንታት አለፉና ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዚህ ቅደም ተከተል ማውራት ጀመሩ። ከሥልጠናው ሁሉ ይህ ትንሽ ለውጥ ያመጣው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

እዚህ ላይ ጊዜንም ማሰብ ግድ ነው። አንድ የልማት ሠራተኛ ያልተጠየቀው ነገር የለም። መንገድ፣ ግብር፣ መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። አዲሱን አሠራር በአሮጌው ላይ ብትቆልሉበት አሮጌውን ይመርጣል፤ ያ የለመደው ስለሆነ በትንሽ ድካም ይሠራዋል። ናሙና መውሰድ በራሱ ድካም አለው፦ በማሳው ውስጥ በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 የማያንስ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መቆፈር፣ አንድ ላይ መቀላቀል፣ አንድ ኪሎ ያህሉን በፌስታል አሽጎ ስምና ቦታ መጻፍ። ይህን ስንጨምር የጎንዮሽ ሪፖርት ሁለት አስቀረንላቸው። ማንም አላነበባቸውም ነበር፤ ሲቀሩም ማንም አልጠየቀም። እናንተም አዲስ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ምን ልቀንስ ብላችሁ ጠይቁ። ሰው የድሮውን የሚለቀው እጁ ባዶ ሲሆንለት ነው።

ወደ ኋላ መመለስ አለ። ይህ እንዳያስደነግጣችሁ። በእኛ ዘንድ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ይገባል፣ ማዳበሪያው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ገበሬው ይጨነቃል፣ ኃላፊው ይጮኻል። በዚያ ውጥረት ሰው የሚያወጣው የቆየውን ነው። ጎበዟ ባለሙያ እንኳ «በቃ ጨምሩበት» ስትል ሰምቻለሁ። በዚህ ሰዓት መውቀስ ምንም አይፈይድም። እኛ ያደረግነው ሁለት ባለሙያዎችን ከጎረቤት ቀበሌ ማጣመር ነው፤ ሰኔ ላይ ማሳ ሲሄዱ አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ሲዘነጋ አንዱ «ምርመራውስ?» ይለዋል። ከአለቃ ሲመጣ የሚያስከፋው ጥያቄ ከባልደረባ ሲመጣ ይዋጣል።

አንጋፋዎቹን ለዚህ ማጣመር ከወጣቶቹ ጋር አገናኘናቸው። «የተከበርኩት በዳፕ ነው» ያሉኝ ጋሼም አንዱን ልጅ ይዘው ይዞሩ ነበር። ልጁ የፒኤች መለኪያውን ይይዛል፣ እሳቸው ከገበሬው ጋር ያወራሉ። «ዳፕን ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ዳፑ እንዲሠራ የሚያደርገውን አመጣሁላችሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። ይህን አባባል ከእኔ አልተማሩትም። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ቀበሌዎችም ተናጋሪ አድርገን ወስደናቸዋል፤ ከእኛ ከማናችንም በላይ ገበሬው የሚሰማው እሳቸውን ነው።

ያልተፈታም አለ። ኖራ ከባድ ነው። ለአንድ ሄክታር እንደ አሲዱ መጠን ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) እንኳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ማለት ነው። መንገድ የሌለበት ቀበሌ ይህን በአህያ ማጓጓዝ ፈተና ነው። በደጀን በኩል በዓባይ ሸለቆ ዳር የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ ተፈጭቶ ገበሬው ማሳ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው የሚያስቸግረው። ባለሙያው ልማዱን ቢተው፣ ገበሬው ቢያምን፣ ኖራው በጊዜው ካልደረሰ ያ ሁሉ ልፋት ተመልሶ «ድሮም አይሆንም ብለን ነበር» ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን አሠራር ከማወጃችሁ በፊት የሚያስፈልገው ዕቃ በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ኖራው የማይደርስበት ቀበሌ ካለ ለዘንድሮ በግልጽ «አልደረሰም» ብሎ መናገርና በኮምፖስት መጀመር ይሻላል።

በዚህ መንገድ ለመጀመር የምታስቡ የግብርና ባልደረቦቼ ካላችሁ ጊዜውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። ገብሱ ሰኔ ላይ የሚዘራ ከሆነ ኖራው በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ፣ አፈሩ እርጥበት ሲያገኝ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ያ እንዲሆን የላቦራቶሪው ውጤት በመጋቢት መድረስ አለበት። ናሙናው ደግሞ አዝመራው ተሰብስቦ እንዳለቀ፣ በጥር ይወሰድ። የባለሙያዎቹን የቡና ውይይት ከናሙናው በፊት አድርጉት፤ በታኅሣሥ፣ ሥራ ቀለል ሲል። ኖራውን ስትበትኑ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሁን፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ።